እብዱ መለኪያ

በመሥሪያ ቤታችን ሁለት ወገን አለ። በየሰፈሩ ጣሪያ ላይ የአየር መለኪያ የምንተክለው እኛ «ምድር ቤቶች» እንባላለን፤ በሳተላይት የሚያዩት ደግሞ «ሰማይ ቤቶች»። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አፌ አያርፍም። እነሱ ከተማውን በቀን አንዴ፣ ቀትር ላይ፣ ከላይ አይተው ያልፋሉ። እኛ ሰው የሚተነፍሰውን አየር በየሰዓቱ እንለካለን። «እናንተ ጣሪያ እዩ፣ ሳንባውን ለእኛ ተዉት» እያልኩ ሳበሽቃቸው ኖሬያለሁ።

ከአሥራ ዘጠኙ መለኪያዎቻችን አንዱን «እብዱ» እንለዋለን። አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ነው ያለው። ማለዳ ደህና ይሆንና ረፋዱ ላይ ይነሳበታል። ሌሎቹ የአየሩን ጭስና ብናኝ ሠላሳ አርባ ሲሉ እሱ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ይላል። ሁለት ጊዜ ፈትቼ አጸዳሁት፣ አንዴም ማራገቢያውን ቀየርኩለት፤ በጄ አላለም። መመሪያችን ደግሞ ግልጽ ነው፤ አንድ መለኪያ ከጎረቤቶቹ አምስት እጥፍ በላይ ካነበበ ተበላሽቷል ይባልና ቁጥሩ ይሰረዛል። እኔም ሰኞ ሰኞ ሻዬን ፉት እያልኩ የእብዱን ቁጥር እሰርዝ ነበር። ከተረፈው የማለዳና የሌሊት ቁጥር አማካይ ሲወጣ፣ ያ ሰፈር ከከተማው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ለእህቴም የነገርኳት ይህንኑ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ቤት ስትፈልግ ልጇን ትንሽ ትንሽ ያስላት ነበርና «በእኔ ይሁንብሽ፣ እዚያ ግቢ» አልኳት። ታናሼ ናት፤ ቃሌን ተጠራጥራ አታውቅም። ቤቱን ተከራየች፣ ልጅቷንም እዚያው ትምህርት ቤት አስገባቻት። ሳሉ ባሰ። እህቴ «ጭስ ጭስ ይለኛል እኮ» ስትለኝ «የአየሩን ነገር ለእኔ ተይው፣ የምለካው እኔ ነኝ» እያልኩ አፏን አስዘጋኋት።

ትናንት ከምሳ መልስ የሰማይ ቤቶቹ ኃላፊ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ወደ እኔ ወረደች። «ነይ እስቲ ይህን እዪልኝ። የሦስት ዓመት የቀትር ምስል ደራርበን ነው» አለችኝ። በከተማው ካርታ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀልቷል።

«ቀለም ደፍታችሁበት እንዳይሆን» አልኩ።

አልሳቀችም። «እዚህ ጋ መለኪያ የላችሁም?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው። ክው አልኩ። «አለን» አልኩ።

የተሰረዘው ቁጥር ከመዝገብ አይጠፋም፤ አውጥተን ከሳተላይቱ ጎን አስቀመጥነው። የሳተላይቱ ምስል የቀላባቸው ቀናት ሁሉ እብዱ የጮኸባቸው ናቸው። እሁድ እሁድ ደግሞ ሁለቱም ጸጥ። የተበላሸ መሣሪያ እሁድን ከየት ያውቃል? እሁድ የሚያርፍ ሰው ነው። ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደውለን ስናጣራ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሆነ መጋዘን ውስጥ፣ ብረት ያቀልጣሉ። ምድጃው የሚነደው ከረፋድ እስከ ልጆቹ መውጫ ድረስ ነው። እኛ ደግሞ ልጆቹን እንዳንረብሽ ብለን ለጥገና የምንሄደው ሁልጊዜ በማለዳ ነው! ጉድ በሉ! ምድጃው ሳይለኮስ ሄደን፣ መለኪያውን ፈትተን፣ «እብድ ነው» ብለን እንመለሳለን።

በእያንዳንዱ የተሰረዘ መስመር ጫፍ ላይ የሰረዘው ሰው ስም ይጻፋል። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣ የእኔው ስም ነው። የሳተላይቱ ካርታ ቦታውን አሳየን እንጂ፣ የእህቴ ልጅ በየቀኑ ምን ያህል እንደተነፈሰች የሚናገረው እኔ የሰረዝኩት ቁጥር ነው። ኃላፊዋ ውኃ ልታመጣልኝ ስትሄድ እኔ ተነሣሁ።

ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትጮህብኛለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው ባደረገችው! «ከመቼ ጀምሮ?» ብቻ አለች።

«እዚህ ከመግባታችሁም በፊት።»

«ለእኔ አይደለም የምትነግሪው» አለችና ልጇን ጠራቻት።

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ደረጃውን ሁለት ጊዜ አርፋ ወረደች። ተንበርክኬ ነገርኳት፤ የትምህርት ቤትሽ አየር መጥፎ ነው፣ መሣሪያው ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሳንባሽ የታመመው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ በራ።

«እና ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነው?»

«ማነው ሰነፍ ያለሽ?»

«የስፖርት አስተማሪው። ሩጫ ሳቋርጥ ሁሌ ክፍሉ ፊት ያቆመኝና ‹ሰነፏን እዩአት› ይላቸዋል። እኔም እውነት መስሎኝ ነበር።»

እህቴ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ይህን እሷም ሰምታ አታውቅም።

«አይደለሽም፣ የኔ እናት» አልኳት፤ እንባዬ ቀደመኝ።

ልጅቷ የእናቷን ስልክ ከጠረጴዛው አንስታ ዘረጋችልኝ። «እንግዲያው አሁን ደውለሽ ንገሪው፣ አክስቴ» አለች። «ነገ ሩጫ አለን።»