የጠመኔው መስመር

መኪናው ግቢ ሲገባ መሣሪያ ፈታሿ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። በሩ ተከፈተ። የወረደው ሹፌሩ ብቻ ነው። ካርቶኑን እንደ ጨቅላ ታቅፎ ገባና ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው።

"ብቻዎን ነዎት፣ ጋሼ?"

"ማንን ይዤ ልምጣ? ባልሽ እንደሆነ ተራራውን አግብቷል። ሰላም በላት ብሎኛል።"

"ሰላም ብቻ?"

"ቀሪውን ስትጨርሺ እነግርሻለሁ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መነሳት አለብኝ፤ ደመናው ከቀደመኝ መንገዱ ጭቃ ነው።" አግዳሚው ላይ ጋደም ብሎ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ።

ባሏ ከተራራው ጣቢያ ካልወረደ አምስት ወሩ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የመብረቅ ማስጠንቀቂያ እሱ የሚጠብቀው ነው። አየሩ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ኃይል እየለካ፣ መብረቅ ሳይወርድ ደወል ያስደውላል። ከተራራው ሥር ያሉት ተማሪዎች ከሜዳ ወደ ክፍላቸው የሚሮጡት ያንን ደወል ሰምተው ነው። መሣሪያው በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ ይፈተሻል። ካለፈ ሹፌሩ ይመልሰዋል። ከወደቀ ግን ጠባቂው ራሱ ወርዶ ምትኩን ይረከባል፤ ደንቡ ነው። ካለፈ፣ ባሏ ዝናቡ እስኪያባራ ሌላ ሦስት ወር የለም ማለት ነው። ከወደቀ በሳምንቱ ቤቱ ነው።

መፈተሻው ሁለት ዝርግ የአሉሚኒየም ሉህ ነው፤ እያንዳንዱ የባልና ሚስት አልጋ ያህላል። አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ፣ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር ክፍተት። አምስት መቶ ቮልት ሲለቀቅባቸው መሃሉ ላይ ኃይሉ የትም ቦታ እኩል ይሆናል፤ እዚያ የተቀመጠ ጤነኛ መሣሪያ አንድ ሺህ ያነባል። ከሃያ በላይ ከጎደለ ወደቀ። ወደ ጠርዙ ግን ኃይሉ ይጎብጣል፤ ሰው ከተጠጋም ይረበሻል። ለዚህ ነው ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር የተሰመረው። ያሰመረው ባሏ ነው፣ እዚህ አብረው ይሠሩ በነበረ ጊዜ። መስመሩን ሁልጊዜ የሚያልፈውም እሱ ነበር።

"ራቅ በል፣ ቁጥሬን ታበላሽብኛለህ" ትለው ነበር።

"ምን ነካሁ? ቆሜ እኮ ነው።"

"መቆምህ ይበቃል።"

መሣሪያውን መሃል አስቀመጠችና ማብሪያውን ተጫነች። ዘጠኝ መቶ አርባ።

ወደቀ ማለት ነው። መዝገቡን ስባ ብዕሯን አነሳች። ያኔ ነው እግሯን ያየችው፤ መስመሩን አንድ ክንድ አልፋ፣ እንደ እሱ ዝርጉ ላይ ዘንበል ብላ ቆማለች።

ብዕሩ እጇ ላይ ቀረ። ሹፌሩ ያንኮራፋል። ዘጠኝ መቶ አርባን እሷ አልፈጠረችውም፤ ያነበበው መሣሪያው ነው። አምስት ወር ያልተነካው ትራስ ትዝ አላት። ቀና ስትል በመስኮቱ ደመናው ከተራራው በኩል ጠቁሯል። ምትኩ እስኪደርስ አንድ ሳምንት ደወል የለም። ልጆቹ ኳሳቸውን ትተው የሚገቡት ማን ጠርቷቸው ነው?

እግሯን ከመስመሩ ወዲህ መለሰች። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና ሽቅብ ወጣ። አንድ ሺህ አንድ። ምናልባት ይወርድ እንደሆነ ብላ ጠበቀች። ፍንክች አላለም። መሣሪያው ላይ አቧራ እንኳ የለም። ጎበዝ ባል ማግባትም ጣጣ ነው።

"አልፏል" ብላ ጻፈች።

ሹፌሩ ነቃ። "አለፈ?"

"አለፈ። ቀሪው መልእክት ምን ነበር?"

አንገቱን አከከ። "'ከወደቀ ሳትውል ሳታድር ደውልልኝ፣ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ' ነው ያለኝ። ትናንት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲወለውለው ዋለ። እስቲ አሁን እንዲወድቅለት የሚመኘውን ዕቃ የሚወለውል ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ሳቀች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። ካርቶኑን አሽጋ አስታቀፈችው።

"የጠመኔው መስመር ደብዝዟል ይበሉልኝ። ዝናቡ ሲያባራ መጥቶ ያሰምርልኝ።"

ሹፌሩ ወለሉን አየ። መስመሩ ዛሬ የተሰመረ ይመስል ደምቋል።

"እነግረዋለሁ" አላት።