ማርሶ ከግንቡ ስር ያደረ ዕለት

በፈረንሳይ የቫልሶርን ከተማ ምክር ቤት የድሮውን የከብት ገበያ አስፋልት አልብሶ፣ ውሃና መብራት አስገብቶ፣ ቤታቸውን በመኪና ጭነው ለሚዞሩ ጡረተኞች ማደሪያ ካደረገው ወዲህ፣ ሊዮንቲን በዚያ በኩል ያለውን መስኮቷን ከፍታ አታውቅም። መኪና ቤቶቹ የሽንት ቤታቸውን እጣቢ የሚደፉበት ጉድጓድ የተቆፈረው ከገበያው ግንብ ስር ነው። ወንድሟ አንሴልም የተረሸነውም እዚያው ግንብ ስር ነው። ምክር ቤቱ ረስቶት ነው እንዳንል፣ ለመርሳት መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚያውቁት ደግሞ ዝምታን የተካኑ ነበሩ።

አንሴልምን የረሸኑት በጦርነቱ አገራችንን የያዙት ጀርመኖች ቢሆኑ ኖሮ ስሙ በሰማዕታቱ ሐውልት ላይ ይቀረጽ ነበር። የረሸኑት ግን የራሳችን አርበኞች ናቸው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ የጀርመኖችን ብስክሌት ሲጠግን ታየ፣ ጠቋሚ ነው ተባለ፣ አለቀ። እናቱ ዳቦ ቤት ስትገባ ሰው ሁሉ ጀርባውን ይሰጣት ነበርና፣ ልጇን ለመከተል ብዙ አልቆየችም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉ ሰዎች እነ ሊዮንቲን ቤት አላደሩም። ስልሳ ዓመት አደረ፤ አንሴልም ዛሬም ባንዳ ነው።

ከረሸኑት መካከል በሕይወት ያለው ማርሶ ብቻ ነው። የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ ይባል የለ? ማርሶ ለሊዮንቲን ቀለበት አስሮላት ነበር። ወንድሟ በተረሸነ በዚያው ዓመት ከተማውን ጥሎ ጠፋ፤ ወደ ደቡብ ወርዶ ሌላ አገባ። ዘንድሮ ግን ቫልሶርን ነጻ የወጣችበትን ስልሳኛ ዓመት ልታከብር ስትነሳ ከንቲባው ንግግር እንዲያደርግ ጠራው፤ እሱም በበዓሉ ዋዜማ ሚስቱን ይዞ በመኪና ቤቱ ከች አለ።

ሊዮንቲን ከሰዓት በኋላ ወደ ማደሪያው ወረደች። ማርሶ መኪናውን ግንቡን አስጠግቶ አቁሞ፣ ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ፣ በቁምጣ ተቀምጦ ሐብሐብ ይበላል።

«ደህና ዋልክ፣ ማርሶ?»

ቀና ብሎ አተኩሮ አያት። «ሊዮንቲን? አለሽ እንዴ አንቺ!»

«አለሁ፤ ሞት እንኳ ረስቶኝ። የት እንዳቆምክ ታውቃለህ?»

«ጥላ ያለው እዚህ ብቻ ነው...» ብሎ ጀመረና ዞሮ ግንቡን አየው። ቢላዋውን አስቀመጠ።

ሚስቱ ኦርታንስ በመኪናው በር ብቅ አለች። «ማን ናት?»

«የድሮ ጎረቤት ናት» አለ ማርሶ።

ሊዮንቲን ይህችንም ዋጠቻት። የመጣችው ለቀለበቷ አይደለም።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ነገ ማይክሮፎኑ አንተ እጅ ላይ ነው። አንሴልም ጠቋሚ አልነበረም በልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ሊዮንቲን፣ ስልሳ ዓመት እኮ ሆነው።»

«ጠቋሚ ነበር?»

ማርሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልነበረም። በሳምንቱ ትክክለኛውን ሰውዬ አገኘነው።»

እንዲህ በቀላሉ፤ የሐብሐብ ፍሬ እንደሚተፋ ሰው።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ምን እንበል? ተሳሳትን? ጫካ ሳለን ያበላን የነበረው ገበሬው ነው፤ በማግስቱ ማን በሩን ይከፍትልን ነበር? በኋላ ደግሞ... በኋላማ ሜዳሊያው መጣ።»

«እናቴን ቀበርኩ። ከሰው ሳልቀላቀል አረጀሁ። ትናገራለህ ወይስ አትናገርም?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እናገራለሁ። በልጆቼ እምልልሻለሁ።»

«ማርሶ! ልብህን!» አለች ኦርታንስ። «እባክዎ ማዳም፣ አያስጨንቁብኝ፤ ሐኪሙ ከልክሎታል።»

በማግስቱ ጠዋት ሊዮንቲን ስትሸሸው የኖረችው የሐውልት አደባባይ ሄዳ ከፊት ቆመች። በማደሪያው ያሉት እንግዶች ሳይቀሩ ወጥተዋል። ማርሶ ሜዳሊያውን ደርድሮ ማይክሮፎኑን ያዘ። ስለ ጫካው አወራ፣ ስለ ጓዶቹ አወራ፤ ከዚያ «ሳልናገር የማልሄደው አንድ ነገር አለ» አለና ሊዮንቲንን አያት።

«እኔና ባለቤቴ ፈረንሳይን ከዳር እስከ ዳር ዞረናል» አለ። «እንደ ቫልሶርን ያለ ማደሪያ ግን አላየንም። ውሃው በነጻ፣ ጥላው በነጻ! እግዜር ይስጥልን!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ለሽንት ቤት ጉድጓድ ምስጋና ተረፈ፤ ለአንድ ልጅ ነፍስ ቃል ጠፋ።

ከንቲባው ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ስሞች መጥራት ጀመረ። ደንባችን ነው፤ የሟቹ ስም በተጠራ ቁጥር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ለፈረንሳይ ሞተ!» ብሎ ይመልሳል። ስም ተጠራ፣ ተመለሰ፤ ሌላ ተጠራ፣ ተመለሰ። ከንቲባው ወረቀቱን ሲያጥፍ ሊዮንቲን ራሷ በማታውቀው ድምፅ ጮኸች።

«አንሴልም ቪዳል!»

ዳቦ ጋጋሪው ጫማውን አየ። ማርሶ ሜዳሊያውን ማስተካከል ጀመረ። አንድ ሰው ይበቃት ነበር፤ አንድ ብቻ።

«ለፈረንሳይ ሞተ!» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ሊዮንቲን ዞረች። ሆላንዳዊ ነው፤ ከማደሪያው የመጣ እንግዳ። ብቻውን እንደመለሰ ሲያውቅ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ሚስቱም በክርኗ ጎሰመችው።

«ይቅርታ ማዳም» አለ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ። «ሁሉም የሚል መስሎኝ ነው። ይቅርታ።»

ከንቲባው ለማርሽ ባንዱ ምልክት ሰጠና መዝሙሩ ተጀመረ። በስልሳ ዓመት ውስጥ ሊዮንቲንን ይቅርታ የጠየቃት ሰው ይሄ ሆላንዳዊ ብቻ ነው፤ እሱም የጠየቃት ወንድሟን ስላከበረ ነው።