ተነሺ

ንጋቷ መጀመሪያ ቂም የያዘችው በገዛ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ ሳታዝዘው ተነሥቶ በቤቷ ላይ አስፈርዶባታልና።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚያወጣው መንገድ ዳር ያሉት ቤቶች ለልማት ይፈለጋሉ የሚል ወሬ ከተናፈሰ ወዲህ፣ የሰፈሩ ሰው ሰላምታ «እናንተስ ተነሺ ናችሁ?» ሆኖ ነበር። ተነሺ ማለት ቤቱ ፈርሶ «ምትክ» ወደተባለለት ባዶ ሜዳ የሚሸኝ ሰው ነው። ንጋቷ ቃሉን አምርራ ጠላችው። ቤቷን ከግድግዳው እስከ ደፉ ጠርቦ የሠራው ድንጋይ ጠራቢው ባሏ ወልደኪዳን ነው፤ ደፉን ካስቀመጠ በኋላ ብዙም አልሰነበተም፣ ሞት ቀደመው። እርሷም ለብርድ ልብስ ሠሪዎች የበግ ፀጉር እየፈተለች ልጆቿን ያሳደገችው በዚያው ደፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞራ ጎረቤቶቿን አስተባበረችና በቀበሌው ስብሰባ አንድ ሐሳብ ለድምፅ እንዲቀርብ አደረገች፦ የሰው መኖሪያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይፍረስ። ከጸደቀ የነዋሪው ውሳኔ ተብሎ ለከተማው ይላካል፤ ከወደቀ ግን በአፍራሹ ፊት የሚቆም አንዳች ቃል አይኖርም።

ሊቀመንበሩ ፍቃዱ ሐሳቡን አንብቦ ፈገግ አለ። «እትዬ ንጋቷ፣ ፍቃዱ እያለ ‹ያለ ፈቃድ›ን ምን አመጣው?»

የፊት ወንበረተኞች ሳቁ።

«ፈቃድ ያለው ስምህ ውስጥ እንጂ ሥራህ ውስጥ አይደለም» አለችው። አሁን የሳቀው የኋላው ሰው ነበር፤ ፍቃዱ ግን አልሳቀም።

በዚያ አዳራሽ ድምፅ የሚሰጠው በመቆም ነው፤ በደብረ ብርሃን ብርድ እጁን ከጋቢው የሚያወጣ የለምና። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲነሣ የሚጠየቀው ደጋፊ ነበር። ፍቃዱ ግን በመስኮቱ ወደ ግቢው በር አየት አደረገ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚመጣውን እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ዘገየ። ከዚያም፣ «ሐሳቡን የምትቃወሙ ተነሡ» አለ።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ የሰፈሩ ሁሉ የንስሐ አባት መምሬ ወልደተንሣኤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡ። አዳራሹ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ መምሬ።

ንጋቷም ቆማ ነበር።

«ሐሳቡ ወድቋል» አለ ፍቃዱ። «ያመጡት እትዬ ንጋቷ እንኳ ቆመዋል።»

አዳራሹ ታመሰ። ጎረቤቷ ባየው የተነሣው ለመምሬ እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ በታቦት ማለ። ፍቃዱም መነሣቱ እንጂ ለማን መነሣቱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንደማይጻፍ በትሕትና አስረዳው። መምሬ ነገሩ ሲገባቸው ወጥተው ዳግም ሊገቡ፣ ድምፁም እንደገና ሊሰጥ ለመኑ፤ ድምፅ አይደገምም ተባሉ። ንጋቷ በአጠገባቸው ስታልፍ፣ «በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለካል» አለች። ሰሟት።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ዶዘሩ መጣ። ንጋቷ እንዝርቷን ይዛ ደፏ ላይ ተቀመጠች፤ ባየውና ሌሎቹ ጎረቤቶች በግራ በቀኟ ተደረደሩ። ሜትር የያዘው ቀያሽ አንገቱን ደፍቶ፣ «ተነሺዋ እርስዎ ነዎት?» ሲል ጠየቀ።

«አይደለሁም። እኔ ተቀማጭ ነኝ።»

ፍቃዱ አልተቆጣም፤ ፖሊስም አልጠራም። ሰፈርተኛው ተጣልቷልና ይምጡና ያስታርቁ የሚል መልእክት ወደ ቤተ ክርስቲያን ላከ። ለዶዘር ነጂውም፣ ደፉ ባዶ ሲሆን ወዲያው ሞተሩን እንዲያስነሣ ነገረው።

መምሬ ከቅያሱ ብቅ ሲሉ የሁሉም ጉልበት ተቁነጠነጠ። ባየው ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና ተወው። ንጋቷ እንዝርቷን ጥላ ጉልበቶቿን በሁለት እጇ ወደ ታች ተጫነች። ካህን ሲመጣ ተቀምጣ የቆየችበት ቀን በዕድሜዋ አልነበረም፤ ኀፍረቱ ፊቷን እንደ እሳት ለበለባት። «ኖር» የሚለውን ቃል ዋጠችው። ሌሎቹም ዋጡት።

ሽማግሌው ቆሙ። ሰዎቹን አዩ፤ ዶዘሩን አዩ፤ ከዚያም ፍቃዱን አዩት። ፍቃዱ የሚያየው እርሳቸውን አልነበረም፤ ደፉን ነበር።

«በእግዜር» አሉ መምሬ፣ ላልተባለው ቃል። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ዝቅ አሉና ከንጋቷ ጎን ደፉ ላይ ተቀመጡ።

ከሰፈሩ ሰው ቆሞ የቀረው ፍቃዱ ብቻ ነበር።