ከደረቱ በላይ የሚታወቀው አሰልጣኝ

"ማይፍሬንድ፣ አንድ ዳቦ። ደግሞ የመሀል ተከላካያችን ደርባን ሥራ አግኝታ ሄደች" አለች ሌራቶ፣ ሳንቲሞቹን በሱቁ የብረት ፍርግርግ ሥር እየገፋች። ከውጭ የመጣ ባለሱቅ ሁሉ እዚህ ስሙ ማይፍሬንድ ነው።

ባለሱቁ ሽጉጤ ዳቦውን አቀብሎ በጣቶቹ ቆጠረ። ስምንት ልጅ ብቻ ቀረ። ኮሮና ካትሌሆንግን፣ ይህን የጥቁሮች ታውንሺፕ፣ ከረገጠ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ያለፈው የኮሌጆች ውድድር በሦስተኛው ጨዋታ ተቋርጦ ቀረ። የኮሌጁን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ያሠለጥኑ የነበሩት መምህርም በጥር ታመው በሁለት ሳምንት አረፉ። አሁን ገደቡ ላላ ሲል ኮሌጁ እንደገና ሊመዘግብ ነው፤ የጎደለ ተጫዋች በኋላ ይሞላል፣ አሰልጣኝ የሌለው ቡድን ግን አይመዘገብም። የስፖርት ኃላፊው ባፈና ዛሬ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሜዳ መጥቶ አሰልጣኙን ከነቡድኑ ካየ ይፈርማል። ካላየ ቡድኑ ፈረሰ ማለት ነው።

"አሰልጣኝ አገኛችሁ ወይ?" አላት በተሰባበረ ዙሉው።

ከማስኳ በላይ ያሉት ዓይኖቿ ሳቁ። "ፊቤ አልነገረችህም? አንተ ነህ እኮ።"

ዳቦዋን በብብቷ ይዛ ሄደች። ሽጉጤ የሚቀጥለው ደንበኛ ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ፣ ሲጠይቀው ክብሪት ሰጠው።

ጥፋቱ የራሱ ነው። የታውንሺፕ ሱቅ፣ ስፓዛ የሚሉት፣ በፍርግርግ መስኮት ነው የሚሸጠው። ደንበኛ የሚያየው የባለሱቁን ራስና ደረት ብቻ ነው፤ ኮሮና መጥቶ ደግሞ የራሱንም ግማሽ በማስክ ሸፈነው። ሽጉጤ የሚያድረው እዚያው ሱቁ ጀርባ ነው። ዕቃ የሚያመጣለት የእህቱ ባል ደጉ ነው፤ እሁድ እሁድም ያው ደጉ በጓሮ በር በመኪና ወስዶ ቤተ ክርስቲያን አድርሶ ይመልሰዋል። ሰፈሩ ባለሱቁ ከደረቱ በታች ምን እንዳለው ሳያውቅ አራት ዓመት ሆነው። ለወሬኛ ሰው እንዲህ ያለ መስኮት እግዜር አይስጠው።

በመጀመሪያው ዓመት ለደንበኞቹ ሲያወራ፣ ድሮ ሆሳዕና ከተማ በግራ እግሩ የለጋት ኳስ መረብ በጠሰች። በሁለተኛው ዓመት መረቡን በጥሳ ከጎሉ ጀርባ የምትግጥ ፍየል ጣለች። በሦስተኛው ፍየሏ ተነሥታ ኳሷን እያሳደደች ዱራሜ ገባች። ዘንድሮ መንታ ወልዳለች። የኮሌጁ ልጆች የሚገዙት ባይኖራቸው እንኳ ፍየሏ እንዴት ከረመች ብለው ይመጣሉ።

ግራ እግሩ ደግሞ በሦስት ዓመቱ በልጅነት ልምሻ ቀጥኖ የቀረ ነው። የሚሄደው በከዘራ ነው። ሆሳዕና ሜዳ ላይ ሥራው የወጣች ኳስ ማምጣት ነበር። ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ቀድሞ መነሣት አለበትና፣ ኳሷ ሳትመታ የምትወጣበትን ቦታ ማወቅ ለመደ። ይቺን እውነት ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ፍየል የለባትማ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፊቤ በጓሮ በር ገባች። የእህቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ በሰባት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ የቡድኑ በረኛ። የበረኛ ጓንቷን የቢራ ሳጥኖቹ ላይ ወረወረችና ቆመች።

"ማንን አስፈቅደሽ ነው ስሜን የሰጠሽው?" አላት።

"ሌላ ስም ስለሌለኝ ነው።"

"እግሬንስ?"

"ፎርሙ ላይ እግር የሚል ቦታ የለም፣ አጎቴ። ስምና የስደተኛ ፔፐርህ ቁጥር ብቻ ነው።"

ሊስቅ ዳድቶት ተወው። ልጆቹ ሲያዩት እንደሚስቁበት ነገራት። አይስቁም ብላ አልሸነገለችውም፤ ይስቁ ይሆናል አለች።

"ያ ሁሉ ፍየልስ?"

"ፍየሏን እኔም እወዳታለሁ። ግን ያለፈው ዓመት ሁለቱን ጨዋታ ያሸነፍነው በሷ አይደለም። የነሱ ሰባት ቁጥር ሁሌ ወደ ውስጥ ነው የምትቆርጠው፣ ቀድመሽ ውጪባት ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? እዚህ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለህ፣ በስልኬ ቪዲዮ አይተህ። ኮች እንኳ አላየውም ነበር፣ ሲሪየስሊ።"

ሽጉጤ የተደረደሩትን ሳሙናዎች እንደገና ደረደረ። ፊቤ ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"እሺ፣ ዘንድሮ ስንተኛ እንወጣለን?"

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ትጠይቀዋለች፤ በየዓመቱም በወሬው ዋንጫውን ያነሣላታል። ዛሬ ግን ከልቡ አሰላ።

"ከስምንቱ ኮሌጆች ሰባተኛ። ሦስት ልጅ ካገኛችሁና ሌራቶ ማጥቃቱን ትታ መሀል ተከላካይ ከሆነች፣ አራተኛ።"

"ሌራቶ? ለምን?"

"ዳቦ ስትገዛ አይተሻታል? ሰልፍ ላይ ማንም አልፏት አያውቅም።"

ፊቤ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመና ዓይኗ እንባ ሞላ። "ኮች ከሞተ ወዲህ ስለሚቀጥለው ጨዋታ ያወራን የለም" አለች። ተነሥታ ጓንቷን አነሣች። "ካልመጣህ ይገባኛል። ካልመጣህ ግን ለነሱ የምነግረው እኔ ነኝ።"

ወጣች። ሽጉጤ ስኳር ሸጠ፣ ሁለት ነጠላ ሲጋራ ሸጠ። ዘጠኝ ተኩል ላይ በፍርግርጉ መሀል ሲያይ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሜዳ ስምንት ልጆች የሟቹ አሰልጣኝ የገዙላቸውን ቢጫ ማሊያ ለብሰው ተራርቀው ቆመዋል። ማንም ኳስ አይነካም። ሁሉም ወደ ሱቁ ነው የሚያዩት።

መስኮቱን ጎትቶ ዘጋው። ከእሁድ በቀር በቀን ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው። ከዘራውን ያዘና ወደ ጓሮ በር ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ተመለሰ፤ በደንበኞቹ በኩል ያለውን በር ከፈተ።

ውጭ ተሰልፈው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩት። "ማይፍሬንድ፣ እግር አለህ እንዴ?"

"አንድ ተኩል አለኝ፣ ባባ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሱ" አላቸው።

መንገዱን እስኪሻገር አንድ ታክሲ ቆሞ ጠበቀው። ልጆቹ መጀመሪያ ፊቱን አዩ፣ ቀጥሎ ከዘራውን፣ ከዚያ ሱሪው ውስጥ የምትወዛወዘውን እግር። አንዷ አፏን በማስኳ ላይ ያዘች። ፊቤ መሬት መሬት ታያለች።

ሌራቶ ወደ ፊት መጣች። "ፍየሏን የመታው ይሄ እግር ነው?"

መልሱ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እግሩ የቀጠነው ያን ቀን ኃይሉ ሁሉ ከኳሷ ጋር ስለሄደ ነው። እንደሚያምኑትም ያውቃል። በሜዳው ጫፍ የባፈና መኪና አቧራ እያስነሣ ታጠፈ።

"ፍየል የለችም" አለ ሽጉጤ። "ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ኳስ መትቼ አላውቅም። አይቼ ግን አውቃለሁ። አንቺ ተከላካይ ነሽ።"

ሌራቶ ቆማ አየችው፤ አየችው።

"መንታዎቹም የሉም?"

"የሉም።"

በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ዞራ እያዘገመች ከፊቤ ጎል ፊት ለፊት ደረሰች፣ የተከላካይነት ቦታዋን ይዛ፣ ሰልፍ ላይ እንደምትቆመው እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች።