ጀርባው ክፍት ማዳመጫ

አባታቸው “ለሁለታችሁ አንድ የጆሮ ማዳመጫ እገዛለሁ፤ ወንድምሽ ይምረጥ” ሲል ልጅቷ ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ወንድሟ እኮ ሦስት ቪዲዮ አይቶ የድምፅ ሊቅ የሆነ ጉረኛ ነው!

እሷ የፈለገችው ርካሽና ጆሮን ድፍን አድርጎ የሚዘጋ ነበር። አንድ ክፍል ለሚጋሩ ሰዎች ሌላ ምን ያደርጋል?

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ?” አለ ወንድሟ አፍንጫውን ነፍቶ። “ድምፁ የሚተነፍሰው ጀርባው ክፍት የሆነው ነው። ድምፅ ከሚያጎላ የኪስ ማጉያ ጋር ደግሞ!”

“ይተንፍስልህ! እኔ መቼ ልተኛ?”

የሚሰማት አልነበረም፤ ተገዛ። እሑድ ከሰዓት ሊቁ ማጉያውን ከስልኩ ጋር አገናኝቶ እስከ መጨረሻው ከፈተውና አልጋው ላይ እንደ ሚኒስትር ተንጋለለ። ክፍት ጀርባ ድምፁን ሁሉ ወደ ውጭ እንደሚያፈስ ግን ቪዲዮው አልነገረውም መሰለኝ።

ክፍላቸውን ከሚለየው መጋረጃ ወዲህ፣ ሳሎን ውስጥ ከልጅቷ ጋር የተቀመጡት እናትና አባት ቀና አሉ። የሚሰማው ለጎረቤት ልጅ ሊልክላት የቀዳው የራሱ ዘፈን ነው። “ያላንቺ እሞታለሁ” እያለ ይንሰቀሰቃል።

“ኧረ ማነው የታመመው?” አለች እናት ደንግጣ።

“ማንም አልታመመም እማዬ። ልጅሽ እየተነፈሰ ነው” አለች ልጅቷ።

አባት ሳቁን ውጦ ገባና ማዳመጫውን ከልጁ ራስ ላይ መነጨቀው። “ነገ ሄዳችሁ ቀይሩት። የምትመርጠው እሷ ናት!”

ነገሩ ሲገባው ሊቁ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ።

“ጎበዝ” አለችው እህቱ፤ “ትራስ እንኳ ካንተ ምርጫ ይሻላል፤ ድምፅ ያፍናል።”