የእናታችን ላም በተከለለው ተራራ

ጋሼ ባምላኩን ባለፈው ሳምንት ማንኩሳ ቀበርነው። ርዕሰ መስተዳድር ሳለ ያስከለላቸው ተራሮች ስም በቀብሩ ላይ ተነበበ። እኔ ታናሽ ወንድሙ ግን አብዝቼ የማስታውሰው የአንዲት ላም ነገር ነው።

ከመንደራችን በላይ ያለው ተራራ ተራቁቶ ነበር። እርሱ ለምኖ፣ ሕዝቡም ተስማምቶ ከብት እንዳይገባበት ተከለለ። ከብቱ እዚያ የተያዘበት ሰው አንድ ቀን እርከን እንዲሠራ ተወሰነ። ሣሩ ገና ብቅ ሲል የእናታችን ላም ስትግጥ ተገኝታ ተያዘች።

"ልጄ አገር እየገዛ እኔ በስተርጅናዬ ድንጋይ ልሸከም?" ብላ እናታችን አሻፈረኝ አለች።

ጎረቤቱም "የሹም እናት ካልተቀጣች እኛም እንለቃለን" ብሎ ከብቱን ተራራው ግርጌ ሰብስቦ ይጠብቅ ጀመር።

ጋሼ ይህን ሰምቶ ከባሕር ዳር መጣ። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዘሩ "ጌታው፣ ላሚቱን ይውሰዱ፤ በእናትዎ አንጨክንም" አሉት።

"ካልጨከናችሁማ ተራራው አለቀ" አለና የእናታችንን ቅጣት ሊሠራላት ሱሪውን ጠቅልሎ ድንጋይ መደርደር ያዘ።

ወደ ማታ እናታችን ጠላ ይዛ ወጣች። እርከኑን አየት አድርጋ "አይ የሹም ሥራ! ይኼንማ ፍየል ይንደዋል" አለችው። እርሱ እንደ ልጅ ሲያፍር አሁንም ይታየኛል። ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ ድንጋይ ታቀብለው ጀመር።

ጎረቤቶቻችን እየሳቁ ከብቶቻቸውን ወደየቤታቸው ነዱ።