የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ሕግ

ኤቢሴ ከኋላዋ የሚመጣውን ኮቴ ሳትዞር አወቀችው። ጉዲቱ ናት። ወንጂ የአገዳ ማሳ መሃል ለመሃል ባለው አቧራማ መንገድ ሁለት ዓመት አብረው ልምምድ ሲሮጡ የለመደችው ነው፤ ቀለል ያለ፣ መሬቱን ነካ አድርጎ የሚነሳ። ከኮቴው የከፋው ግን ትንፋሿ ነበር። ኤቢሴ እንደ አሮጌ ባጃጅ እየተንገጫገጨች ስትሄድ፣ ልጅቷ አሁን ከቤቷ የወጣች ይመስል በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች።

«ይቺ ልጅ ልታልፈኝ ትችላለች» አለች በሆዷ። «ግን አታልፈኝም።»

ለምን አታልፍም ለሚል፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሳ። ዛሬ የሚሮጡለት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጎዳና ሩጫ ዋንጫ ብዙውን ዘመን አዳማ የከረመው በእነሱ ክለብ፣ በአዋሽ ዳር ብርታት ነው። ዛሬ የክለቡ አማካሪ የሆኑት እትዬ ዘርፉ ሯጭ በነበሩበት ጊዜ ግን ሁለት የክለቡ ልጆች አንደኛ ልሁን፣ አንደኛ ልሁን ሲባባሉ መድረሻው ላይ ተጠላልፈው ወደቁ። የመቂ ልጅ በላያቸው ዘልላ ገባች። መቂ እስከ ዛሬ ይስቃል። ከዚያ ወዲህ ክለቡ ሕግ አወጣ፦ በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ታናሽ ታላቋን አትቀድምም፣ ታላቋ ራሷ «ዴሚ»፣ ማለትም ሂጂ ካላለቻት በቀር። ሳትባል ያለፈች ከክለቡ ትሰናበታለች። ይህ ለማስፈራራት የተባለ አይደለም፤ የተሰናበቱ አሉ።

ጉዲቱ ደግሞ የደረሰችባት የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ምልክት ከታለፈ በኋላ ነው።

ለኤቢሴ ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነበር። አሰልጣኝ ሰብስቤ ትናንት ከልምምድ በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ፣ ክለቡ ለመጪው ዓመት መያዝ የሚችለው ሦስት ሴት ብቻ እንደሆነ፣ በዛሬው ውድድር ከክለቡ ቀድመው የሚገቡት ሦስቱ እንደሚቀሩ ነግሯቸዋል። ሊዲና ቤዚ ከፊት ገብተው ጨርሰዋል። የቀረው አንድ ቦታ ነው። ኤቢሴ እዚህ ክለብ ውስጥ አድጋለች፣ አግብታለች፣ ወልዳም ተመልሳ ሮጣለች። ከዚህ ከወጣች በእሷ ዕድሜ የሚቀበላት ክለብ የለም። ሩጫ ደግሞ ሌላ ሥራ አላስተማራትም።

ችግሩ ከፊቷ ያለችው ነበረች። ፈውዚያ፣ የሻሸመኔ ክለብ ሦስተኛ ሯጭ። ዋንጫው የሚሰጠው በየክለቡ ሦስት ልጆች የደረጃ ድምር ነው። ድምፅ ማጉያው እንዳወጀው ሊዲ አንደኛ፣ ቤዚ አራተኛ ሲወጡ መሃሉን የሻሸመኔ ልጆች ይዘውታል፤ እኩል ናቸው። እንግዲህ ፈውዚያን የቀደመ ዋንጫውን ወሰደ። ኤቢሴ ደግሞ ልትደርስባት አትችልም፤ የጭኗ ጅማት ከተያዘ ቆይቷል። ጉዲቱ ግን ትደርስባታለች።

አደባባዩ ጋ እትዬ ዘርፉ ነጠላቸውን እያውለበለቡ «ያዣት! ኤቢሴ፣ ያዣት!» ይላሉ። ምን ልያዝ፣ በምን እግሬ ልያዝ፣ አለች ኤቢሴ ተናድዳ። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። ዋንጫ አይበላ አይጠጣ። ፈውዚያ ግን ጀርባዋን እየሰጠቻት ራቀች፤ ጉዲቱም እዚያው ከኋላዋ ነበረች፣ እንደታሰረች ጥጃ። ያን ማየት፣ ማለት ያን ኮቴ ከኋላዋ መስማት የኤቢሴ ልብ አልቻለውም።

«ዴሚ!» አለች።

«እትዬ ኤቢሴ፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ አብረን እንግባ» አለች ልጅቷ። ሦስተኛው ቦታ የማን እንደሆነ እሷም ታውቃለች።

«ዴሚ እኮ ነው የምልሽ! ደንቆሮ ነሽ?»

ጉዲቱ ተወነጨፈች። የባጃጆች ጥሩምባ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የአዳማ ነፋስ ተደባልቀው መንገዱን ሞሉት። ፈውዚያ ዞር ብላ ስታይ ጉዲቱ ጎኗ ደርሳለች። ኤቢሴ መጨረሻውን አላየችም፤ ጩኸቱን ሰምታ ነው ማሸነፋቸውን ያወቀችው። እሷ እያነከሰች ገባች፤ ከክለቡ አራተኛ።

ዋንጫው ተጨብጦ ደስታው ገና ሳይበርድ እትዬ ዘርፉ መጡ። የጉዲቱን ክንድ ያዙ።

«ታላቅሽን በማን ፈቃድ አለፍሽ?»

«ዴሚ ብላኛለች።»

«እኔ አደባባዩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አልሰማሁም። ማን ሰማ?»

የሰማ አልነበረም። ሊዲም ቤዚም ቀድመው ገብተዋል፤ ተመልካቹም የሰማው የራሱን ጩኸት ነው። ለውድድሩ አዘጋጆች የክለቡ ሕግ ግድ አይሰጣቸውም፤ ዋንጫው የአዳማ ነው። ልጅቷ ብቻ ናት የምትሰናበተው። እሷ ከተሰናበተች ደግሞ ሦስተኛዋ ማን እንደምትሆን ሁሉም አሰበው።

አሰልጣኝ ሰብስቤ ወደ ኤቢሴ ዞረ። «ሂጂ ብለሻታል ወይስ አላልሻትም?»

ኤቢሴ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጭኗን ትይዛለች። ጉዲቱን አየቻት። ልጅቷ አልለመነቻትም፣ አላለቀሰችም፤ መሬት መሬቱን ታያለች። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት ማሳ ላይ ተቀምጠው በሬዲዮ የልጃቸውን ስም የሚጠብቁ ወላጆች እንዳሏት ኤቢሴ ታውቃለች። እሷም ቤት የምትጠብቃት ልጅ አለቻት። ዝም ማለት ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ ትከሻዋን ትንሽ ሰበቅ ማድረግ ይበቃታል።

«ኤቢሴ!» አለ ሰብስቤ።

«ብያታለሁ» አለች። ጭኗን ለቀቀችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «ብያታለሁ። እምቢ ብላኝ ሁለተኛ ሰድቤያት ነው የሄደችው።»

እትዬ ዘርፉ የልጅቷን ክንድ ለቀቁ፤ ከዚያም ሳሟት። ሊዲና ቤዚ እየጮኹ ጉዲቱን ተሸከሟት፤ ሰብስቤም ዋንጫውን አስያዛት። ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ኤቢሴ ውሃ ጠምቷት የሚያቀብላት ሰው ፍለጋ ቀና አለች። አጠገቧ ማንም አልነበረም።